ዲስኮኔክት የሆነው ሴሽን አልወጣ አለኝ፤ ግሩፕ ፖሊሲ ሠራሁ፣ ሰርቨሩ አልሰማም አለ

የማራኪ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

እንዴት አመሻችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ አይቲ ነኝ። አይቲ ስል፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የምጠራው እኔው ነኝ። ሁሉም የሚገባበት አንድ ሰርቨር አለን፣ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019። የሒሳብ ፕሮግራሙ እሱ ላይ ነው ያለው። ቢሮ 9 ሰው፣ አዘዞ መጋዘን ደግሞ 4 ሰው በሪሞት ዴስክቶፕ (በራሳቸው ማሽን ሆነው የሰርቨሩን ስክሪን በሚከፍቱበት) ይገቡበታል። ላይሰንሱ በደንብ ተገዝቷል፣ እሱን አትጠይቁኝ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሰርቨሩ እንደ ፈረስ ይጋልባል። ከምሳ በኋላ መጎተት ይጀምራል። ወደ 10 ሰዓት ግድም አንድ ፋይል ለመክፈት ቡና ይፈላል። ታስክ ማኔጀር ከፍቼ ዩዘርስ የሚለውን ሳይ፣ ግማሹ ሴሽን (አንድ ሰው ገብቶ ሰርቨሩ ላይ የከፈተው ሁሉ) «ዲስኮኔክትድ» ነው፤ ተቋርጧል ግን አልተዘጋም። ሰዎቹ ቤታቸው ገብተዋል። ከፍተውት የሄዱት ኤክሴልና የሒሳብ ፕሮግራም ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ሜሞሪ ይበላል። አንዷማ ከሐሙስ ጀምሮ አልወጣችም፣ አራት ቀን! እስካሁን ማታ ማታ አንድ በአንድ ሳይን አውት እያደረግሁላቸው ነበር፣ አሁን ግን ሰለቸኝ።

አርብ ዕለት ግሩፕ ፖሊሲ (ለብዙ ማሽንና ሰው ከአንድ ቦታ የሚሰጥ ትእዛዝ) ሠራሁ። ዲስኮኔክት የሆነ ሴሽን አንድ ሰዓት ቆይቶ እንዲዘጋ አዘዝሁ፣ ሠራተኞቹ ያሉበት ኦዩ (የሰውና የማሽን አካውንት የሚመደብበት ክፍል) ላይ አያያዝሁት፣ ወዲያው እንዲተገበር ጂፒአፕዴት ፎርስ አልሁ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ሁሉም እንዳሉ ናቸው። ምኑ ጋ ነው የሳትሁት? ሰኔ ነው፣ ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ ሒሳብ ክፍል እኔን ሲያይ ፊቱን ያጠቁራል።


ባለ ገመዱ
ሰኞ፣ ማታ 2፡32

መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገረኝ። ያስተካከልኸው ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን ሥር ነው ወይስ ዩዘር ኮንፊገሬሽን ሥር? ሰርቨሩ ላይ የትኛው ፖሊሲ እንደተተገበረ የሚያሳየውን ጂፒሪዛልት ስላሽ አር ስትልስ ምን ያወጣል?


የማራኪ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡41

ኮምፒውተር ኮንፊገሬሽን ነው። መንገዱ፦ አድሚኒስትሬቲቭ ቴምፕሌትስ፣ ዊንዶውስ ኮምፖነንትስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ሴሽን ሆስት፣ መጨረሻ ላይ ሴሽን ታይም ሊሚትስ።

ጂፒሪዛልቱ ግን ገርሞኛል። ዩዘር ሴቲንግስ የሚለውን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። የኮምፒውተሩ ክፍል ጭራሽ የለም።


ባለ ገመዱ
ሰኞ፣ ማታ 2፡58

እሱ አይግረምህ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ዝም ብለህ ነው የከፈትኸው። በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለህ ካልከፈትኸው የኮምፒውተሩን ክፍል አያሳይህም። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ ፖሊሲው ተበላሸ ይላል።

ዋናው ስህተትህ ግን ሌላ ነው። አንድ ጂፒኦ (አንተ የሠራኸው ግሩፕ ፖሊሲ) ውስጥ ሁለት ክፍል አለ። የኮምፒውተሩ ክፍል የሚያየው የኮምፒውተሩ አካውንት የት ኦዩ እንዳለ ነው። የዩዘሩ ክፍል ደግሞ ሰውዬው የት እንዳለ ያያል። አንተ የኮምፒውተር ትእዛዝ ጽፈህ ሰዎቹ ያሉበት ኦዩ ላይ ሰቀልኸው። ለዘበኛው የተጻፈ ደብዳቤ ሠራተኞቹ ቤት ልከህ «ዘበኛው ለምን በሩን አልዘጋም» እንደማለት ነው። ዘበኛው ደብዳቤውን መቼ አየውና!

በነገራችን ላይ ሴሽን ታይም ሊሚትስ ዩዘር ኮንፊገሬሽን ውስጥም አለ። እዚያ አድርገኸው ቢሆን ኖሮ በያዝኸው ኦዩ ላይ ይሠራ ነበር። ሁለቱም ቦታ ከተሞላና ከተጋጨ የኮምፒውተሩ ያሸንፋል። ለአንተ ግን የኮምፒውተሩ ነው የሚሻለው፣ ምክንያቱም ጉዳዩ የሰርቨሩ ነው። ነገ አዲስ ሰው ቢቀጠር ማንም ሳያስታውሰው ሕጉ ይይዘዋል።

ስለዚህ የሰርቨሩ አካውንት የት እንዳለ ፈልግ።


የማራኪ ልጅ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

እውነትህን ነው። በአድሚን ስከፍተው የኮምፒውተሩ ክፍል መጣ፣ የተተገበረው ግን ዲፎልት ዶሜይን ፖሊሲ (ለዶሜይኑ፣ ማለትም ለድርጅቱ ማሽኖችና ዩዘሮች በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ያለው) ብቻ ነው። የእኔ ስሙም የለ።

ሰርቨሩ «ኮምፒውተርስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ጂፒኦውን እዚያ ላያይዝ ብል ግሩፕ ፖሊሲ ማኔጅመንት ውስጥ ፎልደሩ አይታይም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የዩዘሮቹና የማሽኖቹ መዝገብ) ውስጥ አለ፣ እዚህ የለም። ምን ዓይነት ጉድ ነው?


ባለ ገመዱ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡45

እሱ ኦዩ አይደለም። ኮንቴይነር ነው የሚባለው። አይኮኑን ልብ ብለህ ካየኸው ይለያል፤ ኦዩ ፎልደሩ ላይ ትንሽ ምልክት አለችው፣ ይሄኛው ባዶ ነው። ኮንቴይነር ላይ ጂፒኦ አይያያዝም። ወደ ዶሜይን የገባ ማሽን ሁሉ፣ አስቀድመህ ቦታ ካላዘጋጀህለት፣ መጀመሪያ የሚጣለው እዚያ ነው። የሚያነሳው ካጣም እዚያው ያረጃል።

«ሰርቨሮች» የሚል ኦዩ ፍጠር። ሰርቨሩን እዚያ ውሰደው። ጂፒኦውን ከሠራተኞቹ ፈትተህ እዚህ አያይዘው። ሰነፍ ሆነህ ከላይ ዶሜይኑ ላይ እንዳታያይዘው፣ አለበለዚያ የሁሉም ማሽን ላይ ይወርዳል። ዶሜይን ኮንትሮለሩ (ያንን መዝገብ የሚይዘው ማሽን) ካለበት ኦዩ ደግሞ ምንም ነገር አታንቀሳቅስ።

ከዚያ ማታ ሰው ሲወጣ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርገው። ፖሊሲ ራሱን የሚያድሰው በየ90 ደቂቃው ነው፣ እስከ 30 ደቂቃ ደግሞ በዘፈቀደ ይጨምርበታል። አንተ ግን ከኦዩ ወደ ኦዩ ስላዛወርኸው ሪስታርቱ ይገላግልሃል፣ የተንጠለጠሉትንም ሴሽኖች አብሮ ያጸዳልሃል።


ጀማሪው
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡05

ይቅርታ ልግባበት። እኔ ላፕቶፕ ላይ ጂፒኤዲት (የማሽኑን የራሱን ፖሊሲ መክፈቻ) ስል «የለም» ይለኛል። ዊንዶውስ 11 ሆም ነው።


ባለ ገመዱ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡11

ሆም ላይ የለም። ፕሮ ያስፈልግሃል። ሆም ወደ ሌላ ማሽን በሪሞት መግባት ይችላል፣ ሌላ ሰው ግን ወደ እሱ አይገባም። ዩቲዩብ ላይ «በአንድ ፋይል ጂፒኤዲት ይከፈታል» የሚሉህን አትስማ።


የማራኪ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ኧረ ጉድ ሆንሁ። ፖሊሲው ሠራ። በጣም ሠራ!

ማክሰኞ ማታ ያልኸኝን ሁሉ አደረግሁ። ረቡዕ ሰርቨሩ ቀኑን ሙሉ ሳይጎተት ዋለ። ደስ ሲለኝ ጊዜ «ላጠናክረው» ብዬ አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን ጨመርሁ፦ ሳይነካ የቆየ ሴሽን በ30 ደቂቃ፣ ከሥሩ ደግሞ «ኤንድ ሴሽን ዌን ታይም ሊሚትስ አር ሪችድ» የሚለውን ኢኔብልድ።

ዛሬ ከሰዓት የሒሳብ ኃላፊያችን የሰኔን መዝገብ እያስገቡ ነበር። ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ሒሳብ ሠርተዋል። አቦል ተፈልቶ ሲጠሯቸው ተነሥተው ሄዱ። ቡና ደግሞ በሩብ ሰዓት አያልቅም፣ ታውቃላችሁ። ተመልሰው ሲመጡ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። እንደገና ሲገቡ ባዶ ዴስክቶፕ። ኤክሴሉ የለም፣ ሴቭ ያላደረጉት የሁለት ሰዓት ሥራ የለም። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ሥራዬን የት አደረግኸው?» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።


ሒሳብ ነኝ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡52

እኔ ሌላ ድርጅት ነኝ፣ ሥራዬም አይቲ አይደለም፣ ይሄን ሳነብ ግን ልቤ ደማ። የእኛም ልጅ እንዲህ ሠርቶናል። ለምን ቀድማችሁ አትነግሩንም? ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ምን ያህል ይከብዳል?

አንድ ነገር ልንገራችሁ ወንድሞቼ። እኛ ማሽኑን ካልነካነው ሥራ ፈትተናል ማለት አይደለም። የዓመቱን ሪፖርት አዘዝሁት እንበል። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ቁጭ ብዬ ነው የማየው፣ ማውዝ ምን ያደርግልኛል? ወረቀት ላይ ቫውቸር ስደምርም ኪቦርድ አልነካም። ያ ሁሉ በእናንተ ማሽን «ሥራ ፈት» ነው አይደል?


ባለ ገመዱ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡20

እህቴ ትክክል ነሽ። ሰርቨሩ የሚቆጥረው ኪቦርድና ማውዝ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ውስጡን እየሠራ ቢሆንም እጅ ካልነካው «አይድል» ነው ይለዋል።

የማራኪ ልጅ፣ የነካኸው ነገር ምን እንደሆነ ላብራራልህ፣ እዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል።

ዲስኮኔክትና ሎግ ኦፍ የተለያዩ ናቸው። መስኮቱን ከላይ በኤክሱ ስትዘጋው ዲስኮኔክት ነው፤ የከፈትኸው ሁሉ ሰርቨሩ ላይ እየሠራ ይጠብቅሃል። ሎግ ኦፍ (ሳይን አውት የሚባለውም እሱው ነው) ግን ሁሉን ይዘጋል፣ ሴቭ ያልሆነው ይሄዳል። ማንም ካልነካው ዲስኮኔክት የሆነ ሴሽን ዕድሜው ገደብ የለውም። ለዚህ ነው አራት ቀን የተቀመጠው።

አሁን ሦስቱን ሴቲንግ እያቸው። «ዲስኮኔክትድ» የሚለው ጊዜው ሲደርስ ሎግ ኦፍ ያደርጋል፣ እሱ ሥራው ነው። «አክቲቭ በት አይድል» የሚለው ብቻውን ሲሆን ጨካኝ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ያስጠነቅቃል፣ ማውዝ ካልተነካ ዲስኮኔክት ብቻ ያደርጋል። ሥራው እንዳለ ነው፣ ተመልሰህ ስትገባ ታገኘዋለህ። «ኤንድ ሴሽን» የሚለውን ስትጨምርበት ግን ያንን ዲስኮኔክት ወደ ሎግ ኦፍ ይቀይረዋል። ኃላፊዋን የበላቸው እሱ ነው። ማስጠንቀቂያው መጥቷል፣ እሳቸው ግን ቡናው ጋ ነበሩ።

ዛሬውኑ «ኤንድ ሴሽን»ን ወደ ኖት ኮንፊገርድ (እንዳልተነካ) መልሰው። አይድሉን ከፍ አድርገው። ጊዜዎቹ እንደሚደመሩም አስብ። አይድል ሁለት ሰዓት፣ ዲስኮኔክትድ ሦስት ሰዓት ብትል፣ ሰውዬው ከተነሣ አምስት ሰዓት ድረስ ሥራው አይጠፋም። ለምሳም፣ ለቡናም፣ ለለቅሶም ይበቃል። የማታው ግን ሳይነጋ ይጸዳል።


የማራኪ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡44

መለስሁት። ነገ ወረቀትም እለጥፋለሁ።

ግን የአዘዞዎቹ ነገር ሌላ ነው። እዚያ በዚህ ሰሞን ደመና በመጣ ቁጥር መብራት ይሄዳል። ማሽናቸው ዩፒኤስ የለውም፣ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ሲመለስ ሰዎቹ እንደገና ይገባሉ። ሰርቨሩ ላይ ስመለከት ግን ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ሴሽኑ «አክቲቭ» ነው የሚለው። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት ሴሽን ይዞ ይገኛል፣ ኤክሴሉም «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል» ይለዋል። ያ ሌላ ሰው ራሱ ነው!


ባለ ገመዱ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡05

ደንበኛው በሥርዓት ሲወጣ ለሰርቨሩ «ሄድሁ» ይለዋል። መብራት ሲሄድ ግን ማን ይንገረው? ሰርቨሩ አለ ብሎ ይጠብቃል። ያኔ ዲስኮኔክትድ የሚለው ሰዓት መቁጠር እንኳ አይጀምርም።

እዚያው ሴሽን ሆስት ሥር «ኮኔክሽንስ» ግባ። «ኮንፊገር ኪፕ አላይቭ ኮኔክሽን ኢንተርቫል» የሚል አለ። የሚቀበለው በደቂቃ ነው፤ 1 ስጠው። ሰርቨሩ በየደቂቃው «አለህ?» እያለ ይጠይቃል። መልስ ካጣ ሴሽኑን ዲስኮኔክትድ ይለዋል።

እዚያው ቦታ «ሪስትሪክት ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ዩዘርስ ቱ ኤ ሲንግል ሴሽን» የሚለውን ኢኔብልድ አድርገው። ሰውዬው ተመልሶ ሲገባ አዲስ ከመክፈት ይልቅ የተወውን ያገኛል። ያንተ ሁለት ሁለት ካወጣ አንድ ሰው ዲሴብልድ አድርጎት ይሆናል፣ ምናልባት ከአንተ በፊት የነበረው። ግን ልብ በል፣ ይሄ የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስም ካለው ነው። አራቱም በአንድ ዩዘርኔም እየገቡ ከሆነ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ከዚያ አንተ ላይ ይጮሃሉ።


የማራኪ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡09

እ... ሁለቱ በአንድ ነው የሚገቡት። አስተካክላለሁ።


ሌሊት ፈረቃ
ሐሙስ፣ ሌሊት 5፡40

ሁላችሁም ስለ ሰዓት ታወራላችሁ። እኔ የቆጨኝ ሌላ ነው። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ በምን በኩል ነው የሚገቡት?


የማራኪ ልጅ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡50

ራውተሩ ላይ የሪሞት ዴስክቶፕን ፖርት (የመግቢያ በር) 3389ን ከኢንተርኔት ወደ ሰርቨሩ ከፍቼዋለሁ።


ሌሊት ፈረቃ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡02

ፈራሁት። የቢሮውን በር ከፍተህ የቁልፉን ቀዳዳ ለዓለም ሁሉ ማሳየት ነው። እስቲ አሁኑኑ ኢቨንት ቪወር (ሰርቨሩ ላይ የሆነው ሁሉ የሚመዘገብበት) ክፈትና ሴኩሪቲ ውስጥ 4625ን ፈልግ። ያልተሳካ የመግባት ሙከራ ነው።


የማራኪ ልጅ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡25

ወላዲተ አምላክ! ገጽ በገጽ ነው። አድሚኒስትሬተር፣ አድሚን፣ ቴስት፣ ዩዘር 1... እኛ ቢሮ እንደዚህ የሚባል ሰው የለም። ሌሊቱን ሙሉ፣ በየጥቂት ሰከንዱ። ሎጉ 2፡14 ይላል፣ በኛ ከሌሊቱ 8፡14 መሆኑ ነው። ያን ሰዓት ቢሮው ውስጥ ያለው ድመት ብቻ ነው።


ሌሊት ፈረቃ
ዓርብ፣ ጠዋት 3፡50

አይዞህ፣ በአንተ ላይ ተነጣጥሮ አይደለም። በር እያንኳኳ የሚዞር ፕሮግራም ነው። የተከፈተ 3389 ያለው ሁሉ ይሄን ያያል። ፖርቱን ወደ ሌላ ቁጥር ልቀይረው እንዳትለኝ፣ ያንንም ያገኙታል። በፈረንጆቹ 2019 ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ ሲወጣ እኮ፣ ያልታደሱት የቆዩ ዊንዶውሶች ላይ ፓስወርድ እንኳ ሳያስፈልግ በዚህ በር መግባት ይቻል ነበር። ያንተ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 በዚያኛው አይነካም፣ ግን ልምዱን ተወው።

ፖርቱን ዝጋው። አዘዞዎቹ መጀመሪያ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር) ይግቡ፣ ከዚያ ሪሞቱን ይክፈቱ። ራውተርህ ቪፒኤን የሚችል ከሆነ ግማሽ ቀን ሥራ ነው። አቅም ሲኖር ሪሞት ዴስክቶፕ ጌትዌይ አለ፣ በፖርት 443 ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ የሚያስተላልፍ።

ፖሊሲው ላይ ደግሞ፣ እዚያው ሴሽን ሆስት ሥር «ሴኩሪቲ» አለ። ኔትወርክ ሌቭል ኦተንቲኬሽን ግዴታ የሚያደርገውን ኢኔብልድ አድርግ። ሰውዬው ማንነቱን ሳያረጋግጥ ሰርቨሩ ሴሽን እንዳይከፍትለት ማለት ነው። የአካውንት ሎካውትም (ፓስወርድ ተደጋግሞ ሲሳሳት አካውንቱን የሚቆልፈውን) አስገባ፣ እሱ ግን ዶሜይን ደረጃ የሚቀመጥ ነው፣ «ሰርቨሮች» ኦዩ ላይ ብታያይዘው ለዶሜይን ዩዘሮችህ አይሠራም። ሎካውቱን ፖርቱ ሳይዘጋ አታብራው። ያ የሚያንኳኳው ፕሮግራም የእውነተኛ ሠራተኛህን ስም ካገኘ ጠዋት ጠዋት ተቆልፎ ታገኘዋለህ።


ሒሳብ ነኝ
ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡30

እስቲ እኔም አንድ ልጠይቅ። ከስታርት ላይ «ዲስኮኔክት» የሚለውን አጥፍታችሁ «ሳይን አውት» ብቻ ብትተዉልን ሰው አይሳሳትም ነበር፣ አይቻልም?


ባለ ገመዱ
ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡48

ይቻላል። «ሪሞት ሴሽን ኢንቫይሮመንት» ሥር እሱን ከሹት ዳውን ምርጫው የሚያነሳ ፖሊሲ አለ። ኤክሱን ግን አያነሳም። ሰው ደግሞ የለመደው ኤክሱን ነው። ያንቺ ወረቀት ከዚህ ይበልጣል።

እዚያው አካባቢ ሪሞት ላይ ዎልፔፐር እንዳይመጣ የሚያደርግም አለ። የአዘዞ መስመር ቀጭን ከሆነ ለማራኪው ልጅ ይጠቅመዋል።


የማራኪ ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

ቆየሁባችሁ። ዛሬ ነው ተንፈስ ያልሁት።

የተውሁት እንዲህ ነው። ዲስኮኔክትድ ሦስት ሰዓት። አይድል ሁለት ሰዓት። ኤንድ ሴሽን ኖት ኮንፊገርድ። ኪፕ አላይቭ 1 ደቂቃ። አንድ ሰው አንድ ሴሽን። ለአዘዞዎቹ ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣሁላቸው። 3389 ተዘግቷል፣ ቪፒኤኑ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ፣ ግማሽ ቀን ያልኸኝ ሌሊት ፈረቃ ራውተሬን ስላላየኸው ነው። 4625 አሁን የሚመጣው የኛው ሰው ፓስወርድ ሲሳሳት ብቻ ነው።

ወረቀቱንም ለጠፍሁ። በትልቁ «ሲወጡ ኤክስ ሳይሆን ሳይን አውት። ቡና ሲጠሩ ሴቭ።» ይላል። ኃላፊዋ አንብበው ሳቁ፣ ታርቀናል መሰለኝ።

ዛሬ ከሰዓት አዘዞ ላይ ያ የሰኔ ዝናብ ከነመብረቁ መጣ። 9፡40 ላይ ስልኬ ጮኸ፣ «መብራት ሄደ፣ የገቢ ሰነድ መሐል ላይ ነበርሁ» አለኝ ልጁ። ሰርቨሩ ላይ የሎካል ሴሽን ማኔጀሩን ሎግ (ሴሽን ሲቋረጥና ሲመለስ በቁጥር የሚመዘግበውን) ከፍቼ ጠበቅሁ። ደቂቃዎች ሳይሞሉ 24 ወጣ፣ ዲስኮኔክት። ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ሃምሳ ደቂቃ ግድም ቆይቶ 25 ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። ደወልሁለት።

«አለ?» አልሁት።

«አለ። የጻፍሁት ቁጥር ላይ ነው ቆሞ የጠበቀኝ» አለኝ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ድምፁ በግድ እየተሰማኝ።


ሒሳብ ነኝ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡22

ያንን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው እስቲ። ለእኛ ልጅ ልወስድለት ነው።